ለስላሳ ዲፕ ሃውስ ሚክስ ለምታደርጉ፦ የኪና የቴምፖ ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ዲፕ ሃውስ (ለስለስ ያለ የኤሌክትሮኒክ ዳንስ ሙዚቃ) ሚክስ ማድረግ፣ ማለትም ዘፈን ከዘፈን ማያያዝ የጀመራችሁ ልጆች ጥያቄ አብዝታችኋል። እዚሁ ጠይቁኝ፣ እዚሁ እመልሳለሁ። ቢፒኤም ስል በደቂቃ የሚመታውን የቢት ብዛት ማለቴ ነው። ኪ ስል ደግሞ ዘፈኑ የቆመባቸውን ድምፆች፣ ኤ ማይነር፣ ሲ ሜጀር የሚባለውን።

ጥያቄ፦ ብሮ፣ ከኪና ከቴምፖ የቱን ላስቀድም?

ቴምፖን። ኪ ቢጋጭ ጆሮ ይቆረቁራል፤ ቢት ከተዛነፈ ግን የሚጨፍረው ሰው እግሩ ይጠፋበታል። ዲፕ ሃውስ በአብዛኛው ከ118 እስከ 124 ቢፒኤም ስለሆነ ቴምፖው ብዙ አያለፋህም። የሚያለፋህ ኪው ነው። ሂፕ ሆፕ ላይ ቶሎ ቆርጠህ ታልፋለህ። እዚህ ግን ሁለቱን ዘፈኖች ደቂቃ ያህል አብረህ ታስኬዳለህ፤ ፒያኖውና ቤዙ ከተጣሉ ደቂቃውን ሙሉ ይሰማል።

ጥያቄ፦ 8ኤ፣ 9ኤ የሚሉት ቁጥሮች ምንድን ናቸው? ሙዚቃ አልተማርኩም።

ካሜሎት የሚባለው ክብ ነው፣ እህቴ። እንደ ግድግዳ ሰዓት ከ1 እስከ 12 ተደርድሯል። ከቁጥሩ ቀጥሎ ኤ ካለ ማይነር፣ ቢ ካለ ሜጀር ነው። 8ኤ ማለት ኤ ማይነር ነው። ከሱ ጋር የሚስማሙት ጎረቤቶቹ ናቸው፦ 7ኤ፣ 9ኤ እና 8ቢ። 9ኤ ኢ ማይነር ነው። ሁለቱ ከ7 ኖታዎቻቸው 6ቱን ይጋራሉ፤ የሚለያዩት አንዱ ጋ ኤፍ፣ ሌላው ጋ ኤፍ ሻርፕ በመሆኑ ብቻ ነው። ትራክተር የሚባለውን የዲጄ ሶፍትዌር የምትጠቀሚ ከሆነ ያው ኤ ማይነር 1ኤም ተብሎ ይመጣልሻል። ግራ አትጋቢ፣ አቆጣጠሩ ነው የተለየው።

ጥያቄ፦ 116 የነበረውን ዘፈን ወደ 123 ስሰቅለው ኪው አልገጥም አለኝ። ለምን?

ጭማሪው 6 በመቶ ገደማ ነዋ! ማስተር ቴምፖ (ፍጥነቱ ሲቀየር ኪው እንዳይቀየር የሚይዘው ቁልፍ) ካልበራ 6 በመቶ ማለት ዘፈኑ ግማሽ ድምፅ ከፍ አለ ማለት ነው። ኤ ማይነር የነበረው ቢ ፍላት ማይነር ሆኗል፤ ከ8ኤ ተነስቶ 3ኤ ገብቷል። አንተ ግን ስክሪኑ ላይ ያለውን 8ኤ አምነህ 9ኤ ትፈልግለታለህ።

ማስተር ቴምፖን ማብራት ትችላለህ፣ ኪው ባለበት ይቆያል። ግን በዚህ መጠን ሲለጠጥ በተለይ የዘፋኙ ድምፅ ሊበላሽ ይችላል። እኔ ብሆን አልሰቅለውም። 116ቱን መጀመሪያ ላይ አጫውቼ፣ በየዘፈኑ አንድ ሁለት ቢፒኤም እየጨመርኩ 123 እደርሳለሁ። ሰውም አይነቃም።

ጥያቄ፦ አዲሱን ዘፈን በየት በኩል ላስገባው?

በምሳሌ ላሳይህ። እየሄደ ያለው 8ኤ፣ 120 ቢፒኤም ነው እንበል። የሚገባው 9ኤ፣ 122። የሚገባውን 1.6 በመቶ ዝቅ አድርገው፣ 120 ይሆናል። የሃውስ ሙዚቃ በአብዛኛው በ32 ቢት ነው የሚታጠፈው፤ በ120 ይህ ልክ 16 ሰከንድ ነው። አዲሱን ቤዙን ሙሉ በሙሉ ዘግተህ፣ የአሮጌው 32 ቢት አዲስ ዙር ሲጀምር ልቀቀው። ሃይሃቱ (ቀጭን ድምፅ ያለው የድራሙ ሲምባል) ብቻ ቀስ ብሎ ይግባ። ሁለት ዙር ካለፈ በኋላ፣ በአንደኛው ቢት ላይ የአሮጌውን ቤዝ ዝጋ፣ የአዲሱን ክፈት። ሁለት ቤዝ አብሮ አይሄድም፤ ኪው ቢገጥም እንኳ ድምፁ ይጨቀያል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ አቡዳቢ ነው ያለሁት። የሀበሻ ፓርቲ ላይ የድሮ ዘፈን ከዲፕ ሃውስ ጋር መቀላቀል እፈልጋለሁ። ሶፍትዌሩ የሚሰጠኝ ኪ ግን አንዳንዴ አይገጥምም።

ይሄ ጥያቄ ደስ ይላል። ሶፍትዌሩ የሚያውቀው 24 ኪ ነው፣ ሜጀርና ማይነር። የኛ ቅኝት ደግሞ ባለ 5 ድምፅ ነው። ትዝታ ሜጀር ይቀላል። ከሲ ቢነሳ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ነው፤ እነዚህ ድምፆች 7ቢ፣ 8ቢ እና 9ቢ ሁሉም ውስጥ አሉ። ሰፊ ምርጫ አለህ። አምባሰል ከሲ ሲነሳ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት ይሆናል። መነሻው ሲ ነው ብለህ ሲ ማይነር፣ ማለትም 5ኤ ከደረብክበት ዲ ፍላቱ ይጮኻል። ኤፍ ማይነርን፣ 4ኤን ሞክር፤ አምስቱም ድምፆች እዚያ አሉ። አንቺሆዬን ግን ተወው፤ ከተራ ሜጀርም ሆነ ማይነር አይገጥምልህም። ድራም ብቻ ያለው ቦታ ላይ አስገባው።

ሌላው ችግር ቴምፖው ነው። የድሮዎቹ በባንድ የተቀዱ ስለሆኑ ፍጥነታቸው ከፍ ዝቅ ይላል፤ ግሪዱን (ሶፍትዌሩ ቢቱ ላይ የሚያሰምረውን መስመር) በእጅህ ማስተካከል አለብህ። የችክችካ ምት ከሆነ ደግሞ ቢቱን ለ3 ነው የሚከፍለው፣ ሃውስ ለ4። ሁለቱን ድራም አብረህ አታስኪድ። ድምፃዊው ብቻውን የሚያንጎራጉርበት መግቢያ ካለ እሱን ውሰድ።

ጥያቄ፦ ሁሌ ጎረቤት ኪ ብቻ ነው የሚፈቀደው?

ማን ከለከለህ? ሰዓት ሙሉ 8ኤ ላይ ከተቀመጥክ ሰው ያዛጋል። ከ8ኤ ወደ 10ኤ ዝለል፣ ሙዚቃው ከፍ ያለ ይመስላል። ብቻ እዚያ ላይ ረጅም ሚክስ አታድርግ፤ ዜማው ቆሞ ድራም ብቻ ሲቀር ቶሎ እለፍ።