ልጆቻችሁን ከባንኮኒው አታርቋቸው

እኛ ወላጆች ለልጆቻችን የምንመኘው ይታወቃል። ሐኪም፣ ኢንጂነር፣ ቢያንስ ነርስ። ሱቅ ወይም ምግብ ቤት ያለን ደግሞ «የኔ ልፋት አይድረስብህ፤ አንተ ብቻ ተማር» እያልን ከሥራው እናርቃቸዋለን። ከፍቅር እንደሆነ ይገባኛል። ግን በዋሽንግተን አካባቢ የወገኖቻችንን ሱቅና ምግብ ቤት ሂሳብ ስሠራ ዓመታት አልፈዋል። ልጁን ከባንኮኒው ስናርቀው የትኛውም ክፍል ውስጥ የማያገኘውን ትምህርት እንደምንነፍገው አይቻለሁ።

ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ የአንድ ደንበኛዬን ልጅ ላንሳ። አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ከትምህርት ቤት መልስ ካሸሩ ጎን ትቀመጣለች። አንድ ቀን ደብተሯን አሳየችኝ። ስንት እንጀራ እንደገባ፣ ስንቱ እንደተሸጠ፣ ስንቱ እንደደረቀ በየቀኑ ጽፋለች። «ሰኞና ማክሰኞ ይተርፋል፣ ዓርብ ማታ ያልቅብናል። አባዬ ግን ሁሌም እኩል ነው የሚያዘው» አለችኝ። ጾም ከመግባቱ በፊት ሽሮና ምስር ቀደም ብሎ መታዘዝ እንዳለበትም መዝግባለች። አባቷ ትዕዛዙን እሷ እንዳለችው አስተካከለው። ይህች ልጅ ነገ ሐኪም ብትሆን የራሷን ክሊኒክ መክፈት አያስፈራትም።

አገር ቤት ያለችውን ቤተልሔም ጥላሁንን አስቡ። ያደገችው አዲስ አበባ፣ ዘነበወርቅ ሰፈር፣ አለርት ሆስፒታል አጠገብ ነው። ሰፈሩ ድሃ ነበር፤ እጀ ወርቅ ፈታይና ሸማኔ ግን ሞልቶታል። እሷም ፈትልን ቤት ውስጥ እያየች አደገች። ከጎማ የሚሠራውን በረባሶ ደግሞ ማን የማያውቀው አለ? ስንቶቻችን እንደ ድህነት ምልክት አይተን አልፈነዋል። እሷ ግን ሥራ ታያት። ዩኒቲ ኮሌጅ ውስጥ አካውንቲንግ ተማረች፤ በ2000ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ሶልሬብልስ የተባለውን የጫማ ድርጅት መሠረተች። ከአሮጌ ጎማና በእጅ ከተሸመነ ጥጥ የተሠራው ጫማ ታይዋን ድረስ ሱቅ ተከፈተለት። ዕቃውን ያወቀችው ከሰፈሯ ነው፤ ሂሳቡን ከኮሌጅ። አንዱ ቢጎድል ኖሮ ነገሩ የሚሆን አይመስለኝም።

«ነጋዴነት በደም ነው» የሚሉ አሉ። በ2015 የታተመ አንድ ጥናት ይህንኑ በስዊድን ጉዲፈቻ ልጆች ላይ መርምሯል። የወላጅ የራስ ሥራ፣ ልጁም የራሱን ሥራ የመፍጠር ዕድሉን 60 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ዋናው ነገር ግን ይህ ነው፦ ከወለዱት ይልቅ ያሳደጉት ወላጆች ተጽዕኖ እጥፍ ነው። ልጁ ቤት ውስጥ የሚያየውና የሚሰማው ከደሙ ይበልጣል ማለት ነው።

ይህን ስል ትምህርት ይቅር ማለቴ አይደለም። በንግድ ተወልደው ያደጉ፣ መሸጥ እንደ ውኃ የሚቀላቸው፣ ነገር ግን የሱቁንና የኪሳቸውን ገንዘብ ሳይለዩ ቀርተው ሱቃቸው የተዘጋባቸው ሰዎች አውቃለሁ። በዕቁብ ብዙ ገንዘብ አዙረው ባንክ ሲሄዱ የክሬዲት ታሪክ፣ ማለትም ብድር ወስዶ የመክፈል መዝገብ፣ የሌላቸውም አሉ፤ ዕቁብ እዚያ መዝገብ ላይ አይታይማ። እናንተም ብትሆኑ አልረፈደም። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገብታችሁ አንድ የአካውንቲንግ ኮርስ ውሰዱ። አሜሪካ ውስጥ ስኮር (SCORE) በሚባለው ማኅበር ልምድ ያላቸው የቢዝነስ ሰዎች በነፃ ያማክራሉ፤ ሂዱ፣ ጠይቁ።

አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ሕጉን እወቁት። በፌዴራል ሕግ፣ ሱቁ ሙሉ በሙሉ የወላጅ ከሆነ ልጅ በለጋ ዕድሜው እንኳ ሊሠራ ይችላል። አደገኛ ሥራ ግን ክልክል ነው። ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ የሥጋ መቁረጫ ማሽን አይነካም፤ ሥጋ ቤት ያላችሁ ልብ በሉ። ድርጅቱ በግላችሁ ስም ከሆነና ልጁ 18 ካልሞላው፣ ከምትከፍሉት ደሞዝ ላይ የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር (የጡረታና የአረጋውያን ሕክምና) ታክስ አይቆረጥም። ደሞዙ ግን በእውነት ለሠራው ሥራ የሚመጥን ይሁን፣ በቼክ ይከፈል፣ ይመዝገብ። የስቴታችሁን ሕግም አጣሩ። ከምንም በላይ ደግሞ ትምህርቱን አይሻማበት፤ በፈተና ሳምንት ባንኮኒው ላይ ልጅ አይታይ።

ሱቅ የለንም የምትሉ ብዙዎች ናችሁ። ኡበር የምትሠሩ ከሆነ እሑድ ማታ ልጃችሁን አጠገባችሁ አስቀምጡት። የሳምንቱን ገቢ ይጻፍ። ቤንዚኑን፣ ኢንሹራንሱን፣ የዘይት ቅያሬውን ይቀንስ። ለታክስ ቅናሽ የምትይዙትን የነዳችሁትን ማይል እሱ ይመዝግብላችሁ። በሰዓት ስንት እንደቀራችሁ ራሱ አካፍሎ ይንገራችሁ። ቁጥሩ ትንሽ ከሆነ አትደብቁት፤ የቱ ሰዓትና የቱ ሰፈር እንደሚሻል አብራችሁ ፈልጉ።