የወንጀል እንቆቅልሹ ላይ ለተጣበቃችሁት

"ማን ገደለው?" የሚለውን ለጊዜው ተዉት። "ሜዳ ላይ የሞተ ሰው፣ አጠገቡ ያልተከፈተ ጥቅል፣ ዱካ የሚባል የለም" የሚለው ላይ አንድ ሰዓት የፈጀባችሁ ገዳይ ስትፈልጉ ነው። መልሱን የሚያውቀው ተራኪ የሚመልሰው "አዎ" ወይም "አይደለም" ብቻ ስለሆነ፣ መጀመሪያ "የገደለው ሰው ነው?" በሉ። "አይደለም" ከተባላችሁ ትልቁ ሸክም ወረደ።

ከዚያ በየጥያቄው ግማሹን ጣሉ። "በእግሩ ነው የመጣው?" አይደለም። "በመሬት ላይ ነው የመጣው?" አይደለም። እዚህ ጋ አንዳችሁ መጮህ አለባችሁ! መልሱን አትንገሩን ስላላችሁ እተወዋለሁ፤ ጥቅሉን ግን ደግማችሁ እዩት። በትክክል ለሁለት የሚከፍሉ 20 ጥያቄዎች ከአንድ ሚሊዮን በላይ አማራጭ ውስጥ አንዱን ይለያሉ። ጥያቄ አላጠራችሁም፣ የተጠየቀውን ነው የምትደጋግሙት። አንድ ሰው ወረቀት ይያዝ።

አንድ ነገር ተጠንቀቁ፤ በአሉታ አትጠይቁ። አዘዞ እኛ ቤት ቡና ላይ አንዱ "ሰውየው ብቻውን አልነበረም?" አለ። ተራኪዋ "አዎ" አለች። ብቻውን ነበር ማለቷ ነው፤ እኛ "አዎ፣ አልነበረም" ብለን ሰማን። አቦል ላይ የጀመርነውን፣ በረካው እስኪቀርብ የሌለ ጓደኛውን ስናሳድድ ቆየን። "ብቻውን ነበር?" በሉ፣ በቃ።