መልስ፦ ለባለ ሦስት መሣሪያ ውድድር በቅድሚያ ምን ይስተካከል?

ከድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ሆነው የጠየቁን ወንድማችን፣ አሜሪካ የሚኖረው ታናሽዎ ጠብመንጃ፣ ሽጉጥና ሾትገን (ጥቃቅን እርሳሶችን በታትኖ የሚተኩስ መሣሪያ) በአንድነት ወደሚተኮስበት ውድድር ሊገባ በመሆኑ የትኛውን ክፍል አስቀድሞ ቢያሻሽል እንደሚሻል ጠይቀዋል። በእኔ ግምት ገንዘቡን ውድ ቃታ ላይ ከማፍሰሱ በፊት የሰደፉን ርዝመት ከክንዱና ከትከሻው ጋር ቢያስማማ ይበጀዋል፤ የተስማማ ሰደፍ ፈጥኖና ሳይስት ለመተኮስ ይረዳዋል፣ ውጤቱም በአብዛኛው የሚለካው በፈጀው ጊዜና ለሳተው ዒላማ በሚጨመርበት የቅጣት ሰከንድ ነውና።

ሾትገኑ የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል። በአፈሙዙ ጫፍ የሚገጠመው ማጥበቢያ (ቾክ) የጥቃቅን እርሳሶቹን መበታተን የሚወስን ሲሆን፣ ጠባቡ ለሩቅ፣ ሰፊው ለቅርብ ዒላማ ይስማማል፤ ይሁንና በእነዚህ ውድድሮች አንድ ድፍን እርሳስ ያለው ጥይትም ሊተኮስ ስለሚችል፣ እጅግ ጠባቡን ትቶ ሰፋ ያለውን ቢመርጥ፣ የአምራቹንም መመሪያ ቢመለከት ይሻላል። የትኛውንም ቢገጥም፣ በሚወዳደርበት ጥይት ወረቀት ላይ ተኩሶ ስርጭቱን ሳያይ አይመነው።

ለጠብመንጃው ከ1 እስከ 6 እጥፍ የሚያጎላ ማነጣጠሪያ ይበቃዋል። የርግጫ መቀነሻን በተመለከተ አንዳንድ የውድድር ምድቦች ስለሚገድቡት፣ ከመግዛቱ በፊት ደንቡን ያንብብ። ቃታን ማቅለል ግን መሣሪያው ሲወድቅ በራሱ እንዲተኩስ ሊያደርግ ስለሚችል፣ ለሠለጠነ ጠጋኝ ብቻ ይተወው።

ለዕረፍት ወደ ድሬ ሲመጣ መሣሪያውን ይዞ ለመምጣት ካሰበ፣ ያለ ፈቃድ ማስገባት በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የተከለከለ መሆኑን ከወዲሁ ይንገሩት።