ጸሎቱና ሒሳቡ፦ የነጋዴ ክርስቲያኖች ጥያቄና መልስ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ዳቦ ቤት ከፍቼ፣ ሰው ቀጥሬ ማሠራት ከጀመርኩ ሃያ ሁለት ዓመት ሆነኝ። እምነትና ንግድ ላይ የከበዳችሁን ጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ለሁለተኛ ቅርንጫፍ ከባንክ ልበደር ነው። ጸልዬበት ልቤ አርፏል። ልፈርም?

መልስ፦ ልብህ ማረፉ ደግ ነው፤ ሒሳቡስ? ነህምያ ስለ ኢየሩሳሌም ጾሟል፣ ጸልዮአል። ከተማዋ ሲደርስ ግን ሦስት ቀን ቆይቶ፣ ለማንም ሳይናገር በሌሊት ተነሥቶ የፈረሰውን ቅጥር እየዞረ አየ። ሕዝቡን ለሥራ ያነሣሣው ከዚያ በኋላ ነው። አንተም ዙርና እይ። ሽያጭህ በሲሶ ቢወርድ የወሩን ክፍያ ከየት ታመጣለህ?

እኔ አንድ ጊዜ «እግዚአብሔር ተናግሮኛል» ብዬ ምድጃ በብድር ገዛሁ። የሒሳብ ሠራተኛዬ ደብተሯን ገልጣ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆማ ነበር። ይህን ስትሰማ ደብተሩን ከድና ወጣች። ምን ትበል? በእግዚአብሔር ስም አፏን ዘጋሁት። ምድጃው ስምንት ወር ያለ ሥራ ቆመ፣ ዕዳው ግን አልቆመም። ከዚያ ወዲህ በስብሰባ ላይ ያንን ቃል አልናገርም፤ «እኔ እንዲህ ይመስለኛል፣ እናንተስ?» ነው የምለው።

ጥያቄ፦ ሸሪኬ አብሮኝ የሚያመልክ ወንድሜ ነው። ውል እንጻፍ ብለው ያላመንኩት እንዳይመስለው ፈራሁ።

መልስ፦ ጻፉ። አብርሃም ለሣራ መቃብር ሲፈልግ ኤፍሮን ቦታውን እንዲሁ ልስጥህ ብሎት ነበር። እሱ ግን በከተማው በር፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ 400 ሰቅል ብር መዝኖ ከፈለ። ማን ስንት እንዳዋጣ፣ አንዳችሁ ብታልፉ ድርሻው ለማን እንደሚሆን ዛሬ ተፈቃቅራችሁ ሳለ አስፍሩት።

ጥያቄ፦ አሥራት ከሽያጭ ነው ከትርፍ?

መልስ፦ እኔ ከትርፍ ነው የማወጣው። የተጨማሪ እሴት ታክስ ተመዝጋቢ ከሆንሽ፣ በ115 ብር ከሸጥሽው 15ቱ ያንቺ አይደለም፤ ለመባም አይሆንም። ከሠራተኛ ደመወዝ የቆረጥሽው 7 በመቶ ጡረታም እንዲሁ፤ ያንቺን 11 ጨምረሽ በጊዜው አስገቢ።

ጥያቄ፦ ከጉባኤያችን አንድ ሰው ለብድር ዋስ ሁነኝ አለኝ።

መልስ፦ ዕዳውን ራስህ ለመክፈል ካልቆረጥክ አትፈርም። መጽሐፈ ምሳሌ ስለ ዋስትና ደጋግሞ ያስጠነቅቃል። የምትችለውን ያህል በእጁ ስጠው።

ጥያቄ፦ ገበያው ቀዝቅዟል፣ ሁለት ሠራተኛ ልቀንስ ነው። ኃጢአት ይሆንብኛል?

መልስ፦ እኔን የሚያስጨንቀኝ አቀናነሱ ነው። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ ወጪዬ ናረ። መጀመሪያ ለቤቴ ከማወጣው ቀነስኩ። ቀጥሎ ሠራተኞቹን ሰብስቤ ደብተሩን ገልጬ አሳየኋቸው፤ የሌሊት ፈረቃውን ለማጠፍ ሐሳብ ያመጡት እነሱ ናቸው። እንዲያም ሆኖ አንድ ሰው መሄዱ አልቀረም።

የማስጠንቀቂያ ጊዜውና የስንብት ክፍያው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ተደንግጓል። ከዚያ ሳንቲም አታጉድል፤ ኦሪት ዘሌዋውያን የሠራተኛን ዋጋ አንድ ሌሊት እንኳ አታሳድር ይላል። በስልክ መልእክት አታሰናብት፤ አስቀምጠህ ራስህ ንገረው። የሥራ ልምድ ደብዳቤውንም በዚያው ቀን ማኅተም አድርገህ በእጁ ስጠው።