ትንሿ ባቡር ክረምት ሲገባ ለምን ትቆማለች?

አንዲት እህታችን ከቱሉ ዲምቱ ጽፋልኛለች። የሂሳብ ሠራተኛ ናት። ቀኑን ሙሉ ከቁጥር ጋር ስትታገል ውላ ማታ ጭንቅላቷን የምታሳርፍበት ነገር ስትፈልግ፣ ወንድሟ ከውጭ የላከላትን ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞዴል ባቡር (በሁለቱ ሐዲድ መሃል ያለው ስፋት 9 ሚሊ ሜትር ነው) 60 በ120 ሳንቲ ሜትር ኮምፔርሳቶ ላይ ዘርግታ የድሮውን የአቃቂ ጣቢያ በትንሹ ልትሠራ ጀመረች። «ጋሼ፣ በጋውን ደህና ሲሄድ ቆይቶ ክረምቱ ሲገባ እምቢ አለ» ትላለች። «መለያያው ላይ ይቆማል፣ ኩርባው ላይ ይቆማል፣ በጣት ስነካው ይሄዳል። ጣውላውን ላዩን አረንጓዴ ቀብቼዋለሁ። የእህቴ ባል ኃይል አንሶት ነው፣ የላፕቶፕ ቻርጀር አድርጊለት ይለኛል። ወይስ ሞተሩ ነው? ለመረጋጋት የጀመርኩት ነገር ጭራሽ ያናድደኝ ጀምሯል።»

በመጀመሪያ የላፕቶፑን ቻርጀር ወደ ላፕቶፑ መልሺው። አብዛኛው የላፕቶፕ ቻርጀር 19 ቮልት ገደማ ነው የሚሰጠው። ያንቺ ባቡር የሚፈልገው እስከ 12 ቮልት ዲሲ ነው። 19 ስትሰጪው ለጊዜው ይፈተለካል፤ ከዚያ ሞተሩ ይሞቃል፣ ይሸታል፣ አለቀ። ለእህትሽ ባል ሰላም በይልኝ፣ እዚህ ላይ ግን አልስማማም።

ሞተሩም አይመስለኝም። በጣት ነካ ሲያደርጉት የሚነሳ ሞተር ብዙ ጊዜ ጤነኛ ነው። ችግሩ ኤሌክትሪኩ ጎማው ጋ አለመድረሱ ነው። የጠባብ ሐዲድ ሎኮሞቲቭ አጭር ነው። አራት ጎማ ብቻ ካለው በአንድ በኩል የሚቀበለው ሁለት ጎማ ብቻ ነው ማለት ነው፤ አንዱ አቧራ ላይ ሲወጣ ሌላው መለያያው (ሐዲዱ ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ) መሃል ያለችውን ፕላስቲክ ከረገጠ በቃ፣ ባለበት ቀጥ ይላል። ረጅሙ ባቡር ያቺን ቦታ ሳይሰማው ያልፋታል።

ቴስተር ካለሽ እንዳያታልልሽ። ባቡሩ ሳይኖርበት ሐዲዱን ስትለኪ፣ መገጣጠሚያው የላላ ቢሆንም 12 ቮልት ሊያሳይሽ ይችላል። ቮልቱ የሚወርደው ጭነት ሲመጣበት ነው። ስለዚህ ከመኪና ዕቃ መሸጫ የታርጋ መብራት አምፖል ግዢ፣ 12 ቮልት ባለ 5 ዋት። ሁለት ሽቦ አስበይጂበት። ባቡሩን አንሺ፣ መቆጣጠሪያውን እስከ መጨረሻ ክፈቺ፣ ከዚያ ሁለቱን ሽቦ በሁለቱ ሐዲድ ላይ ለአፍታ እያስነካሽ ዙሩን ሂጂበት። በየቁራጩ ሐዲድ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ። ድንገት የምትደበዝዝበት ቦታ ትመጣለች። እዚያ በእርሳስ ምልክት አድርጊ። እኔ የምገምተው ከኩርባው በፊት ያለችው መገጣጠሚያ ትሆናለች። ሐዲድን ከሐዲድ የሚያያይዙት ትንንሽ ላሜራዎች ለማገጣጠም እንጂ ኤሌክትሪክ ለማሳለፍ አይታመኑም፤ ውስጣቸው ይዝጋል፣ ይሰፋሉ፣ አቧራ ይገባባቸዋል።

ለምን ክረምት ላይ ባሰ? መልሱ እዚያ አረንጓዴ ቀለም ውስጥ አለ። ላዩ ተቀብቶ ታቹ ጥሬ የቀረ ኮምፔርሳቶ እርጥበቱን የሚጠጣው በታች ብቻ ነው። የታችኛው ፊት ሲያብጥ የላይኛው ባለበት ይቀራል፣ ጣውላው ይጎብጣል። ቀጥ ያለ ቱቦላሬ በጣውላው ላይ አጋድሚና በሥሩ ብርሃን የሚያልፍ መሆኑን እዪ። ሁለት ሚሊ ከጎበጠ መገጣጠሚያዎቹን ለማላላት በቂ ነው። ሰው ሐዲዱ በሙቀት ተለጥጦ ነው ይላል፤ 1.2 ሜትር ሐዲድ ግን ሙቀቱ 20 ዲግሪ ቢጨምር የሚረዝመው ግማሽ ሚሊ እንኳ አይሞላም። ተንኮለኛው እንጨቱ ነው።

እንግዲህ ሥራው ከታች ይጀምራል። ጣውላውን ቤት ውስጥ በጎኑ አቁሚውና ጥቂት ቀን ይድረቅ። ፀሐይ ላይ እንዳታወጪው፣ በሌላ በኩል ይጎብጥብሻል። ከዚያ ከሥሩ ዙሪያውን ሞራሌ፣ መሃል ላይም አንድ አግድም አድርገሽ በኮላና በብሎን እሰሪው። ቀጥሎ ታቹንም ጠርዙንም ቨርኒሽ። ጠርዙን ሁለቴ ቀቢው፣ ውኃ በብዛት የሚገባው በዚያ ነው።

አሁን ወደ ሽቦው። የኔ ምክር አንድ ነው፦ ለእያንዳንዱ ቁራጭ ሐዲድ የራሱን ሽቦ ስጪው። ከጣውላው ሥር ሁለት ወፍራም ሽቦ፣ ቀይና ጥቁር፣ ከዳር እስከ ዳር ዘርጊ፤ ከቤት መብራት ሥራ የተረፈ ባለ 1.5 ካሬ ሚሊ ሽቦ ካለሽ ይበቃል። ከየሐዲዱ ጎን በቀጭን ሽቦ በቀዳዳ ወደ ታች አውርደሽ ከነሱ ጋር አያይዢ። የውጪው ሐዲድ ሁሌም ቀይ፣ የውስጡ ሁሌም ጥቁር። መበየጃው የሚያርፍበትን ነጥብ ብቻ በብርጭቆ ወረቀት ፋቅ አድርጊ፣ ሽቦውን አስቀድመሽ ሊድ አልብሺው፣ ከግራና ከቀኝ እርጥብ ጥጥ አስቀምጪ፣ ከዚያ ካውያውን ሁለት ሦስት ሰከንድ ብቻ። ከዚያ ካለፈ ሐዲዱ በአግድም የተቀመጠበት ፕላስቲክ አግዳሚ ይቀልጥና ሐዲዱ ይላቀቃል። መስኮት ክፈቺ። በእያንዳንዱ ብየዳ መጨረሻ ቴስተሩን ድምፅ ላይ አድርገሽ በሁለቱ ሐዲድ መሃል ሞክሪ፤ ከጮኸ የሆነ ቦታ ተነካክቷል፣ ሳትቀጥዪ ፈልጊው።

እና አታጣድፊው። አንድ ማታ አንድ ቁራጭ ሐዲድ ብትሠሪ ማንም አይጠይቅሽም። ሪፖርት መዝጊያ አይደለም። የ220ውን ወገን ግን አትንኪ፣ የተዘጋጀ አዳፕተር ግዢ።

መለያያው ላይ አምፖሏ ደህና እየበራች ባቡሩ ከቆመ ጥፋቱ የመሃሏ ፕላስቲክ ነው። መፍትሔው መሃሉ ብረት የሆነና የራሱ ሽቦ ያለው መለያያ መግዛት ነው። እስክታገኚ ትንሽ ፍጥነት ጨምረሽ አሳልፊው።

ጽዳት፦ ሐዲዱን በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጊ፣ ጭረቱ ውስጥ ቆሻሻ ይሰበሰባል። 90 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል በነጭ ጨርቅ። የእጅ ሳኒታይዘር ጄል አይሆንም፣ ግሊሰሪኑ ሐዲዱ ላይ ይቀራል። ጎማውንም አትርሺ፤ እርጥቡን ጨርቅ ሐዲዱ ላይ ጣል አድርገሽ ሎኮሞቲቩን ግማሹን ጎማ ጨርቁ ላይ፣ ግማሹን ሐዲዱ ላይ አድርገሽ ይዘሽ አሽከርክሪው። የሚወጣውን ጥቁር ስታዪ ትገረሚያለሽ።

ከሐዲዱ ሥር ስለምታፈሺው ጠጠር አልጠየቅሽኝም፣ ግን ልናገር። ለጠጠርነት የምትጠቀሚበትን አሸዋ በሻይ ማጥለያ ንፊው፣ እጠቢው፣ አድርቂው። ከዚያ ከምን አለሽ ተራ የአሮጌ ስፒከር ማግኔት ግዢና በፌስታል ጠቅልለሽ አሸዋው ውስጥ አዙሪው። የኛ አገር አሸዋ አብዛኛው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የመጣ ስለሆነ ጥቁር ብረትማ ዱቄት አለበት፤ ፌስታሉ ላይ ፂም አብቅሎ ይወጣል። ፌስታሉን ገልብጠሽ አራግፊ፣ ምንም እስካይዝ ድገሚው። ያንን ካልለቀምሽ የሞተሩ ማግኔት ራሱ ይለቅመዋል፣ የማርሾቹ ጥርሶችም ይበላሉ። ለማጣበቅ ነጭ ኮላ እኩል በእኩል በውኃ አቅጥነሽ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጠብ አድርጊበት፣ ሳሙናው ከሌለ ኮላው ጠጠሩ ላይ ድቡልቡል እያለ ይቀራል። መለያያው ተንቀሳቃሽ ክፍል ጋ ግን አታድርሺው። ነጭ ፎም ለኮረብታ ከተጠቀምሽ ደግሞ ማስቲሽ አይንካው፣ ይበላዋል።

ኮላው እስኪደርቅ የጣቢያውን ሰፈር ሥሪ። የድሮው የጅቡቲ መስመር፣ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው፣ በሁለቱ ሐዲድ መሃል ያለው ስፋት 1 ሜትር ነበር። ባቡርሽ 1 ለ87፣ ማለትም ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያነሰ ከሆነ ትክክለኛው 11.5 ሚሊ ነበር፣ ያንቺ 9 ሚሊ ወደ 78 ሳንቲ ይመጣል። እኔ ብሆን ምንም አልለውጥ። ጠባብ በመሆኑ ነው 60 ሳንቲ ላይ የዞረልሽ። ከዚያ ይልቅ ልብ የሚባሉ ነገሮች አሉ። የዚያ መስመር አግዳሚ ብረት ነበር፣ ስለዚህ የእንጨት ቡኒ ሳይሆን የዝገት ቀለም ቀቢው። የኤሌክትሪክ ምሰሶና ሽቦም ከላይ አትዘርጊበት፤ እሱ ከሰበታ ተነስቶ በለቡ በኩል የሚያልፈው የአዲሱ ባለ 1.435 ሜትር ሐዲድ ነው።

የቆርቆሮ ጣሪያ ትፈልጊያለሽ መቼም። የ5 ሚሊ ብሎን ጥርሱ በ0.8 ሚሊ ይራራቃል፣ ለቆርቆሮ ሞገድ በልኩ ነው። ከምግብ መያዣ አሉሚኒየም ቁራጭ ቆርጠሽ ወፍራም ወረቀት ላይ አስቀምጪና ብሎኑን ጫን እያልሽ አንከባልዪበት። መስመሩ ትንሽ ይዘማል፣ ቀጥ የሚለው ስትከረክሚው ነው። አጥሩን በጤፍ ጭድ፤ አንድ ሚሊ ውፍረት ያለው አገዳ በ87 ሲባዛ ደህና የባሕር ዛፍ አጠና ይወጣዋል። ሰዎችሽ ከ2 ሳንቲ አይለፉ፣ አለዚያ ከጣቢያው በር አይገቡም።

ይህ ሁሉ ተደርጎ አምፖሏ ዙሩን ሙሉ እኩል እያበራች ባቡሩ አሁንም ከቆመ፣ ያኔ ሞተሩን እንከፍታለን። የት እንደቆመ፣ ወደ ፊት ነው ወደ ኋላ ሲሄድ የሚለውን ጨምረሽ ጻፊልኝ፣ ከተቻለ የሆዱንም ፎቶ ላኪ።