ክስ ሳይመሠረትባቸው ስለታሰሩ ሰዎች እንዴት ይጻፍ?

ጥያቄ፦ በደብረ ብርሃን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የታሪክ መምህር ነኝ። ከተማሪዎቼ ጋር ለአማርኛው ዊኪፔዲያ የሚሆኑ መጣጥፎችን እያዘጋጀን ነው። ኩባ ውስጥ ባለው የአሜሪካ ወታደራዊ እስር ቤት፣ በጓንታናሞ፣ ታስረው ስለነበሩ ሰዎች ስንጽፍ ግን መስማማት አቃተን። አንዱ ተማሪ «አሸባሪ» ብሎ ይጀምራል፤ ሌላዋ «የግፍ ሰለባ» ትላለች፤ ሦስተኛው ሁለቱንም ጽፈን ፍርዱን ለአንባቢ እንተው ባይ ነው። የአሜሪካ መንግሥት ራሱ ያወጣቸውን ሰነዶች እንደ እውነት መውሰድ እንችላለን? ደግሞስ በቅርቡ በከተማችን ተይዞ እስካሁን ክስ ስላልተመሠረተበት አንድ ወጣት ተማሪዎቹ መጻፍ ቢፈልጉ ልፍቀድላቸው?
(መምህር፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ የሦስተኛው ተማሪዎ ሐሳብ ፍትሐዊ ይመስላል፤ እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን እሱ ነው። ማን እንደፈረዳቸው የማይታወቁ ሁለት ፍርዶችን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ገለልተኝነት ሊሆን አይችልም። በፍርድ ቤት ስለተፈረደበት ሰው ስንጽፍ ማስረጃው በችሎት ተሰምቶ፣ ጠበቃ መስቀለኛ ጥያቄ ጠይቆበት፣ ዳኛ ውሳኔ ሰጥቶበታልና የምንደገፍበት ነገር አለን። ክስ በሌለበት ጊዜ ግን አብዛኛውን ጊዜ በእጃችን ያለው የተረጋገጠ ነገር ሰውየው መያዙ፣ የትና ከመቼ እስከ መቼ መታሰሩ ነው፤ የተቀረው ባለቤት ያለው አባባል ስለሆነ ተናጋሪው ከነጊዜው እዚያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ መግባት አለበት።

ወደ ሰነዶቹ ልመለስ። ጓንታናሞ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 11 ቀን 2002 ከተከፈተ ወዲህ 780 ያህል ሰዎች ታስረውበታል፤ አብዛኞቹም ክስ ሳይቀርብባቸው ወጥተዋል። ስለ እነሱ በብዛት የሚገኙት የመንግሥት ሰነዶች እ.ኤ.አ. በ2004 እና በ2005 ታሳሪው «ጠላት ተዋጊ» (የጠላት ወገን ተዋጊ) መሆን አለመሆኑን ለመወሰን ለተካሄዱት ወታደራዊ የማጣሪያ ጉባኤዎች የቀረቡ የማስረጃ ማጠቃለያዎች ናቸው። ጉባኤዎቹ የ558 ሰዎችን ጉዳይ አይተው 38ቱን ብቻ «ከእንግዲህ ጠላት ተዋጊ አይደሉም» አሏቸው። ታሳሪው በዚያ ጠበቃ አልነበረውም፤ የሚያግዘው አንድ መኮንን ቢመደብለትም ምሥጢር የተባለውን ማስረጃ ታሳሪው ራሱ ማየት አይችልም ነበር፤ የመንግሥት ማስረጃ ደግሞ ተቃራኒው እስካልታየ ድረስ ትክክለኛ ነው ተብሎ ይገመት ነበር። ስለዚህ ማጠቃለያው «በአንድ ካምፕ ሠልጥኗል» ካለ፣ ተማሪዎ የሚጽፈው «እ.ኤ.አ. በ2004 ለጉባኤው የቀረበው ማጠቃለያ ሠልጥኗል ይላል» ብሎ ነው። ታሳሪው «አልሠለጠንሁም» ብሎ ከሆነም መልሱ ከሥሩ ይከተላል እንጂ ወደ መጨረሻው አንቀጽ አይገፋም። እ.ኤ.አ. በ2008 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቡመዲየን በተባለ ታሳሪ ስም በሚታወቀው ጉዳይ ታሳሪዎቹ የእስራቸውን ሕጋዊነት በፍርድ ቤት የመሞገት መብት እንዳላቸው ከወሰነ በኋላ፣ የፌዴራል ዳኞች የአንዳንዶቹን ማስረጃ መዝነው ጽፈዋል። እንዲህ ያለ ውሳኔ ካለ ከማጠቃለያው ይልቅ እሱን አስቀድሙ፤ ሆኖም ዳኛው የመረመሩት እስሩ ሕጋዊ መሆን አለመሆኑን ነውና ጥፋተኛ የማለት ወይም ነጻ የማውጣት ፍርድ አታድርጉት።

«ክስ አልተመሠረተበትም» የሚለው ራሱም መጣራት ይኖርበታል። በኢትዮጵያ የተወለዱት ቢንያም መሐመድ እ.ኤ.አ. በ2002 በፓኪስታኗ ከተማ በካራቺ ተያዙ፤ ጓንታናሞ የደረሱት በ2004 ነው። በ2005 በወታደራዊ ኮሚሽን (የጓንታናሞ ታሳሪዎችን በሚዳኝ ወታደራዊ ችሎት) ክስ ቀረበባቸው፤ የኮሚሽኑን አሠራር ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2006 ሻረው፤ በ2008 እንደገና የቀረበው ክስም በዚያው ዓመት ኦክቶበር ተነሣ፤ በፌብሩዋሪ 2009 ወደ ብሪታኒያ ተመለሱ። «ክስ ሳይቀርብባቸው ሰባት ዓመት ታሰሩ» ብሎ የጻፈ ተሳስቷል፤ «ተከሰው ነበር» ብሎ ያቆመም ይበልጥ ያሳስታል። ጓንታናሞ ከመድረሴ በፊት ሞሮኮ ውስጥ ተሠቃየሁ ማለታቸው በእሳቸው ስም ይጻፍ። የብሪታኒያ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2010 ይፋ እንዲሆኑ ያዘዛቸው ሰባት አንቀጾች ግን በፓኪስታን ሳሉ በአሜሪካኖች ስለተፈጸመባቸው አያያዝ ናቸውና ለሞሮኮው እንደ ማረጋገጫ መጥቀስ አይገባም።

በእኛ ቋንቋ ደግሞ የእንግሊዝኛ ጸሐፊዎች የማያውቁት ወጥመድ አለ። ሰውየውን እስከ ተያዘበት ቀን ድረስ በአንቱታ ስንጠራው ቆይተን ከእስሩ በኋላ «እሱ» ካልነው፣ አንዲት የስድብ ቃል ሳንጽፍ ፈርደንበታል። ከመጀመሪያው አንዱን መርጣችሁ እስከ መጨረሻው ያዙ። መጣጥፉን የምታስገቡበት ምድብም ያው ፍርድ እንዳይሆን ተጠንቀቁ።

የታሪክ መምህር ነዎትና ልምምዱን በፍቼ ከተማ ከታሰሩት ከልጅ ኢያሱ ቢጀምሩት እመክራለሁ። ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከተሻሩ በኋላ በ1913 ዓ.ም. ተያዙ፤ ያለ ፍርድ ቤት ውሳኔም እስከ 1924 ዓ.ም. ድረስ በራስ ካሣ ኃይሉ ጠባቂነት በሰላሌ ፍቼ ቆዩ። አምልጠው እንደገና ከተያዙ በኋላ ወደ ጋራ ሙለታ ተወስደው በ1928 ዓ.ም. አረፉ። ይህ ያለ ተናጋሪ ሊጻፍ ይችላል። «እስልምናን በመቀበላቸው ተሻሩ» የሚለው ግን የሻሪዎቻቸውን ውንጀላ የጸሐፊው ቃል ያደርገዋል፤ «መኳንንቱ እስልምናን ተቀብለዋል በማለት ሻሯቸው» ቢባል ውንጀላው ከባለቤቱ ጋር ይቆያል። ተማሪዎችዎ ስለ ልጅ ኢያሱ ያነበቧቸውን አንቀጾች በዚህ መንገድ አርመው ቢጽፉ ጓንታናሞው አይከብዳቸውም።

ስለ ከተማችሁ ወጣት ግን አይፍቀዱ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዝዛል፤ ከዚያ ፖሊስ ምርመራዬን አልጨረስሁም ካለ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን የማይበልጥ የጊዜ ቀጠሮ ይፈቅዳል። በዚያ ችሎት የሚሰማው የፖሊስ የጥርጣሬ ምክንያት ነው፤ ክስ የሚመሠርተው ዐቃቤ ሕግ ነው። ወጣቱ በሕዝብ ዘንድ የታወቀ ሰው ካልሆነ፣ ስለ እሱ ያለውም የፖሊስ ቃልና የሰፈር ወሬ ብቻ ከሆነ፣ የቱንም ያህል ተጠንቅቀው ቢጽፉ መጣጥፉ ስሙን ከጥርጣሬው ጋር አጣብቆ ያስቀራል፤ ነገ ቢለቀቅም ለማስተካከል የሚመለስ ሰው ላይኖር ይችላል። የዊኪፔዲያም መመሪያ በሕይወት ባሉና ባልታወቁ ሰዎች ላይ እንዲህ ያለውን ውንጀላ ከማስፈር መቆጠብን ይመክራል። ተማሪዎቹ ጉዳዩ ካሳሰባቸው ስለ ጊዜ ቀጠሮ አሠራር ወይም ስለ አንቀጽ 19 ራሱን የቻለ መጣጥፍ ያዘጋጁ።