ጠይቁን፦ የልጄ ሰዓት ወደ ኋላ ሄደ

ጥያቄ፦

ሰላም እህቴ እንዴት ነሽ፣ አምድሽን ሁሌ አነባለሁ ስጽፍልሽ ግን የመጀመሪያዬ ነው። ምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ ነው። ልጄ 14 ዓመቷ ነው፣ አምና ሃይስኩል እንደገባች ኖቬምበር ላይ የዋና ቲም ሞክራ ያዟት። ትምህርት ቤቱ ፑል ስለሌለው ልምምዱ የካውንቲው ፑል ላይ ነው፣ በኛ አቆጣጠር ሌሊት 11 ሰዓት ላይ አድርሻት ነው ሥራ ምገባው። ዲሴምበር ላይ 100 ፍሪስታይል፣ ያ በደረት ተኝተው እጅ እያፈራረቁ ሚዋኙት፣ መጀመሪያ ስትዋኝ 1፡24 ነበር፣ አንድ ደቂቃ ከ24 ሴኮንድ ማለት ነው፣ ጃንዋሪ መጀመሪያ 1፡16 ገባች፣ እንዴት እንደጨፈርኩ አትጠይቂኝ። ከዛ ወር ሙሉ 1፡16፣ 1፡17፣ 1፡17። ኮቹን ምን እያሰራሃት ነው ብዬ ተናገርኩት፣ ጭራሽ ግድግዳው ጋ ስትደርስ እንድትገለበጥ እያረጋት ውሃ በአፍንጫዬ ገባ እያለች ነው ምትመጣው። ፌብሩዋሪ መጨረሻው ሚት፣ ማለት ውድድሩ፣ ሲደርስ ደሞ ልምምዱን በግማሽ ቀነሰው፣ ሰነፈ አልኩ፣ ግን ድንገት 1፡12 ገባች። ማርች ኤፕሪል ሜይ አልዋኘችም። ጁን ላይ የሰፈር ሰመር ቲም ገብታ በመጀመሪያው ሚት 1፡21! ያ ሁሉ ሌሊት መነሳት ውሃ በላው ማለት ነው? እናቷ ጸጉሯ አለቀ፣ በገና ጾምም ባዶ ሆዷን ነው ምትዋኘው ብላ እንድታቆም ትፈልጋለች፣ አጎቷ ደሞ የኛ ስፖርት ሩጫ ነው ውሃ ውስጥ ምን ከተታት ይላል። ምን ትመክሪኛለሽ?

መልስ፦

ወንድሜ መጀመሪያ ተረጋጋ፣ ውሃ የበላው ነገር የለም። አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ፣ የሰመሩ ፑል በሜትር ነው በያርድ? እናንተ ሰፈር ያሉት የሰመር ፑሎች አብዛኞቹ 25 ሜትር ናቸው፣ የሃይስኩል ውድድር ግን 25 ያርድ ላይ ነው። 100 ያርድ ማለት 91 ሜትር ከ44 ሴንቲ ነው፣ ስለዚህ ልጅህ ጁን ላይ ስምንት ሜትር ተኩል ገደማ ጨምራ ነው የዋኘችው እና ማንም አልነገረህም። በርቀቱ ብቻ እንኳን ብናሰላው የፌብሩዋሪው 1፡12 በሜትር 1፡19 አካባቢ ይሆናል። ሦስት ወር ውሃ ሳትነካ መጥታ 1፡21 ገባች ማለት የጠፋው ሁለት ሴኮንድ ነው። የዲሴምበሩን 1፡24 ደሞ ወደ ሜትር ቀይረው፣ 1፡32 ይሆናል። ከሱ ጋ ስታስተያየው አስር ሴኮንድ በላይ አሻሽላለች፣ እኔ እዚህ ሆኜ ደስ አለኝ አንተ እንዴት ነው ምታዝነው?

አሁን ወደ ጃንዋሪ እንምጣ፣ ዋናው ነገር እዛ ጋ ነው። ጀማሪ ዋናተኛ መጀመሪያ ላይ ሰዓቱ ቶሎ ቶሎ ነው ሚወርደው ምክንያቱም ጭንቅላቱን ከውሃ በላይ ቀጥ አርጎ መዋኘት ሲተው፣ ወገቡ ከፍ ሲል፣ ትንፋሹን ውሃ ውስጥ መልቀቅ ሲለምድ ብቻ ብዙ ሴኮንድ ይቀንሳል። ያ ካለቀ በኋላ ከባዱ ይመጣል። ኮቹ ፍሊፕ ተርን እያስተማራት ነበር፣ ያ መገለበጥ ያልከው ማለት ነው። 100 ያርድ ላይ ሦስት ጊዜ ትዞራለች፣ ፍሊፑን በደንብ ካልቻለችው ደሞ ወይ ከግድግዳው ርቃ ትገለበጥና እግሯ አይደርስም ወይ በጣም ትጠጋና ተጣጥፋ ትቀራለች፣ በእጇ ነክታ ከምትዞረው በላይ ጊዜ ይወስድባታል። ውሃ በአፍንጫ መግባቱ ስትገለበጥ በአፍንጫዋ አየር እየለቀቀች ስላልሆነ ነው፣ ህም እያልሽ ተገልበጪ በላት፣ እውነቴን ነው ዘፈን እንደምታንጎራጉር ህምምም፣ ይቆማል። ስለዚህ ያ ወር ቆመች ያልከው እየተማረች የነበረበት ወር ነው፣ በዛ ላይ ጃንዋሪ የሲዝኑ ከባድ ልምምድ ሚበዛበት ጊዜ ስለሆነ ደክሟት ነው ምትወዳደረው።

ልምምዱን በግማሽ የቀነሰው ደሞ ሰንፎ አይደለም፣ ቴፐር ይሉታል። ከትልቁ ውድድር በፊት አንድ ሁለት ሳምንት ርቀቱን ቀንሰህ ፍጥነቱን ሳትነካ ሰውነት እንዲያርፍ ማረግ ነው፣ ኦሊምፒክ ሚሄዱትም ያረጉታል። 1፡12 የመጣው ከዛ ነው።

ጾሙን በተመለከተ ግን እናቷ የያዘችው ነገር አለ። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ገብቶ እስከ ገና ነው፣ ልክ ሲዝኑ ጀምሮ ሲጠነክር ማለት ነው። በጾም ብቻ ነው ሰዓቷ የቆመው አልልም፣ ከተፈታ በኋላም ሦስት ሳምንት ያው ነበረ። ግን የ14 ዓመት ልጅ ሌሊት 11 ሰዓት ባዶ ሆዷን ገብታ እስከ ትምህርት ቤት ምሳ ምንም አለመቅመሷ ልክ አይደለም። ምግቡ ራሱ ችግር የለውም፣ ሽሮና ምስር ለዋናተኛ ጥሩ ነው፣ ሰዓቱ ነው ችግሩ። የንስሐ አባታችሁን አናግሩ፣ ለታዳጊ ልጅ ስለ ሰዓቱ ምን እንደሚሉ እነሱ ይንገሯችሁ። ከፈቀዱ ከመግባቷ በፊት ሙዝ ወይ ሁለት ሦስት ቴምር፣ ስትወጣ ዳቦ በኦቾሎኒ ቅቤ፣ ይሄ ሁሉ ጾም ነው።

ጸጉር ላይ፣ ከመግባቷ በፊት ሻወር ላይ በንጹህ ውሃ በደንብ ታርጥበው፣ የረጠበ ጸጉር ክሎሪኑን ብዙ አይመጥም፣ ከላይ ትንሽ ኮንዲሽነር ከዛ ካፕ። ሹሩባ ከተሠራች ተራው ካፕ አይበቃትም፣ ለወፍራም ጸጉር ሚሆን ሶል ካፕ ሚባል ትልቅ አለ፣ የዓለም ዋና ፌዴሬሽን ሰዎች ለቶኪዮ ኦሊምፒክ አይቻልም ብለውት ብዙ ጫጫታ ተነስቶ 2022 ላይ ፈቅደውታል። ለእናቷ ግን አደራ፣ ቅቤ እንዳትቀባት፣ ካፑ ሾልኮ ይወጣል ፑሉ ላይም ሲንሳፈፍ ይታያል፣ እኔ ያየሁትን አይቼ ነው ምነግርህ።

አጎቷን እንዲህ በለው፣ 2016 ሪዮ ላይ ሲሞን ማኑኤል 100 ፍሪስታይል ስታሸንፍ በግል ውድድር የኦሊምፒክ ዋና ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት ሆናለች፣ ጥቁር ሴት ውሃ ውስጥ ምን ትሠራለች ሲሉ የነበሩትም ዝም አሉ። የኦሊምፒክ ዋናተኛዋ ኬቲ ሌዴኪም ያደገችው እዛው እናንተ ካውንቲ ቤተዝዳ ነው፣ የጀመረችውም እንደ ልጅህ በሰፈር ሰመር ቲም ነው፣ በ15 ዓመቷ ለንደን ላይ 800 ሜትር ወርቅ ወሰደች። ልጅህ ሌዴኪ ትሆናለች አላልኩም እንዳትጀምርባት!

ሰመር ቲም ላይ ስቶፕዋች ይዘው ሰዓት ሚይዙት ወላጆች ናቸው፣ አንተም ተመዝገብና አንድ ቅዳሜ ሌይኑ ጫፍ ላይ ቁም፣ ተርኗን ከቅርብ ታየዋለህ። ቀጣይ ኖቬምበር ሲዝኑ ሲጀመር ደሞ የመጀመሪያ ሰዓቷን ከ1፡12 ጋ ሳይሆን ከአምናው 1፡24 ጋ አስተያየው፣ ከዛ በፊት ግን ኮቹ ጋ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ አንድ ቡና ይዘህ ሂድ፣ ይቅርታ ሳትለው እንዳትመለስ።